በዱላ ኳስ መግፋት ሥራ ነውን?

በዘንድሮው የገና ዕለት ከዓባይ ድልድይ ማዶ ባለው ገላጣ ሜዳ ላይ የላይ ቤትና የታች ቤት ልጆች ገና ሲጫወቱ ቆመን ካየን በኋላ፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ወደ ጣና ዳር ተመልሰን ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ቡና ከሚያፈሉ እናት ዘንድ ተቀመጥን። አራት ነበርን፦ አንዱ ብረትና ሲሚንቶ የሚነግድ ወዳጃችን፣ ሁለተኛው ዕድሜያቸውን ሙሉ የስፖርት ትምህርት አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሦስተኛው ባንክ የሚሠራ ዝምተኛ ጎረቤታችን፣ አራተኛው እኔ ነኝ። በዚያ የተነሣው ክርክር እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ዘለቀ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ከአእምሮዬ ስላልወጣ የተባባልነውን ለመጻፍ ወሰንሁ። ከማን ወገን እንደ ነበርሁ ከመነሻው ብናገር ይሻላል፤ ከመምህሩ ወገን ነበርሁ፣ ዛሬም ነኝ።

የክርክሩ መነሻ የነጋዴው የእህት ልጅ ናት። ተወልዳ ያደገችው ኔዘርላንድ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን በዚያ አገር ከትንሽነቷ ጀምራ የሜዳ ሆኪ ትጫወታለች፤ አሁን ደግሞ ለአገሪቱ የወጣቶች ብሔራዊ ቡድን ምልመላ ተጠርታለች። ለበዓል ከእናቷ ጋር ስትመጣ ዱላዋን በረጅም ቦርሳ ይዛ መጥታ ነበርና በዚያ ቀን ወደ ሜዳው ወሰደችው። ልጆቹ ጨዋታቸውን አቁመው ከበቧት። ከእነርሱ አንዱ፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ዱላዋን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። የእርሱ ገና ከጫፉ የጎበጠ የወይራ እንጨት ነው፤ ዙሪያውን ድቡልቡል ስለ ሆነ በየትኛውም ጎኑ ቢመታበት የሚከለክለው የለም። የእርሷ ዱላ ግን ከካርቦን ክር የተሠራ፣ ሲይዙት ቀላል፣ በግራ ጎኑ ጠፍጣፋ በቀኝ ጎኑ ድቡልቡል ነው፤ በሆኪ ሕግም ኳስ የሚመታው በጠፍጣፋው ጎን ብቻ ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ግራ ገባውና፣ «ታዲያ ሩሯ በወዲያ በኩል ስትሆንብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አላት።

እርሷም በቃል ከመመለስ ይልቅ አሳየችው። የግራ እጇን አንጓ አዙራ የዱላውን ጫፍ ወደ ታች ገለበጠችና ሩሯን ከግራ ወደ ቀኝ ሳበቻት፤ መልሳ ገልብጣ ከቀኝ ወደ ግራ ገፋቻት፤ ይህን እየፈጠነች ስትደጋግመው ሩሯ ከዱላው ጋር በክር የታሰረች ትመስል ነበር። ነገር ግን ሩር ከእንጨት ተጠርባ የምትሠራ ናትና እንደ ሆኪ ኳስ ፍጹም ክብ አይደለችም፤ ጥቂት ከታዘዘች በኋላ ጠጠር ነክታ ተፈናጠረች። ልጁ ሳቀ፤ እርሷም ሳቀች። ከዚያ የእርሱን ገና ተቀብላ እስኪመሽ ድረስ ከታች ቤቶች ጋር ተሰለፈች። እኛ ትተናት ወደ ቡናችን ስንመጣ ነጠላዋን በወገቧ አሸርጣ በአቧራው ውስጥ ስትሮጥ ነበር።

አጎቷ ግን ይህን ሁሉ ሲያይ ፊቱ አልተፈታም። የመጀመሪያው ቡና ከመቀዳቱ በፊት ብሶቱን ዘረገፈው። «እናቷ ደስ ካለሽ ብላ ለቀቀቻት። እኔ ሐኪም ትሆናለች ብዬ ስጠብቅ፣ እርሷ በዱላ ኳስ መግፋትን ሥራ ብላ ይዛለች። አባቶቻችን ‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ› ያሉት እኮ ጨዋታ ከቁም ነገር ስለማይቆጠር ነው። የማይቆጡበት ነገር ደግሞ ሥራ አይደለም፤ ኑሮም አይደለም» አለ። ምሳሌዋን የተናገራት ክርክሩን በአንድ ምት ሊዘጋባት አስቦ ነው፤ ነገር ግን የከፈተችው እርሷ ናት። በዚያ ምሽት ከእርሱ አፍ ብቻ ስንት ጊዜ እንደ ሰማኋት መቍጠሩን ትቼዋለሁ።

መምህሩ ነጋዴውን በልጅነቱ ያስተማሩት ናቸው። ስኒያቸውን ከረከቦቱ ላይ አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ተረቱን የያዝኸው ከግማሹ ነው» አሉት። «‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ› የተባለው ጨዋታው ከንቱ ስለ ሆነ አይደለም፤ እረኛውና ባለርስቱ በአንድ ሜዳ ስለሚሰለፉ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቀና ብሎ የማያየውን ጌታ፣ እረኛው በዚያች ከሰዓት በኋላ ሩር ሲቀማ ቅልጥሙን ቢያገኘው፣ ጌታው ሊቆጣም፣ ሊከስም፣ ሊበቀልም አይችልም። ጌታን ‹ዛሬ አንተም እንደ ማንም ነህ› የሚል ሕግ ያለው ጨዋታ እንዴት ከቁም ነገር አይቆጠርም ትለኛለህ? እንዲህ ያለውን ሕግ በሸንጎ ብትፈልገው አታገኘውም።»

እኔ በልቤ ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ ብዬ ነበር። ነጋዴው ግን፣ «እርሱማ የድሮ ነው፣ መምህር» ብሎ አለፈው። መልስ ያጣ ሰው «የድሮ ነው» ብሎ መውጣቱ በዘመናችን የተለመደ ሆኗል፤ የድሮው ነገር ለምን እንደ ተባለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

መምህሩ አልተቆጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ህንዳዊው ዲያን ቻንድ ይነግሩን ጀመር፤ በክፍል ውስጥም እንዲሁ ያስተምሩ እንደ ነበር ነጋዴው ራሱ ኋላ መስክሯል። ዲያን ቻንድ እ.ኤ.አ. በ1905 በአላሃባድ የተወለደ የወታደር ልጅ ነው፤ በ1922 እርሱም በእንግሊዝ ሥር በነበረው የህንድ ጦር ተራ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ። ቀን በግዳጅ ላይ ስለሚውል የሚለማመደው ማታ፣ ጨረቃ ስትወጣ ነበር፤ ባልደረቦቹ «ቻንድ» ብለው የጠሩት ስለዚህ ነው ይባላል፤ ቻንድ በቋንቋቸው ጨረቃ ማለት ነውና። በ1928 በአምስተርዳም ኦሊምፒክ 14 ግብ አግብቶ ለአገሩ የመጀመሪያውን የሆኪ ወርቅ አስገኘ። በ1932 በሎስ አንጀለስ ህንድ አሜሪካን 24 ለ1 ስታሸንፍ፣ ከእነዚያ ግቦች 18ቱን ያገቡት እርሱና ወንድሙ ሩፕ ሲንግ ናቸው። በ1936 በርሊን ላይ አምበል ሆኖ ገባ፤ በፍጻሜውም ጀርመንን በገዛ ሜዳዋ 8 ለ1 ረቱ።

ይህን የበርሊኑን ጨዋታ መምህሩ ሲተርኩት ቡና አፍላያችን እንኳ ማራገቢያቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር። ጨዋታው የተደረገው በነሐሴ ነው፤ ያ ክረምት ለእኛ ምን ዓይነት ክረምት እንደ ነበር መናገር አያሻም፤ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ከወደቀች ገና ሦስት ወር ከምናምን ነበር። ህንዶቹም የተሰለፉት በሌላ ንጉሥ ባንዲራ ሥር ነው። ሜዳው ዝናብ የጣለበት ስለ ነበር ዲያን ቻንድ በሁለተኛው አጋማሽ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ተጫወተ ይባላል። መምህሩ እዚህ ላይ ሲደርሱ የሁላችንም ሐሳብ ወደ አንድ ሰው ሄደ፤ በ1960 በሮም ጎዳና ላይ በባዶ እግሩ ወደ ሮጠው ወደ አበበ ቢቂላ። ሁለቱም ወታደሮች ነበሩ፤ ሁለቱም ያገራቸውን ስም ያስጠሩት ባዶ እግራቸውን ነው። ታዲያ አንዱን እያከበርን የሌላውን ሥራ «በዱላ ኳስ መግፋት» ብንል በምን ሚዛን ነው?

ነጋዴው ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ታዲያ ምን ተረፈው? ደህይቶ ሞተ ሲባል ሰምቻለሁ።» መምህሩ እውነቱን አልሸሹትም። ዲያን ቻንድ በ1956 በሻለቃ ማዕረግ ከጦሩ ተሰናበተ፤ በ1979 በደልሂ ሆስፒታል አረፈ፤ በእርጅናው ገንዘብ ያጥረው እንደ ነበርም ብዙ ተጽፏል። «ደህይቶ ነው የሞተው፤ ነገር ግን ያደኸየው ሆኪው ነው ወይስ ወርቁን ተቀብለው ሰውየውን የረሱት?» አሉና ቀጠሉ፤ ዛሬ የተወለደበት ዕለት፣ ኦገስት 29፣ የህንድ ብሔራዊ የስፖርት ቀን ነው፤ ከ2021 ጀምሮም የአገሪቱ ትልቁ የስፖርት ሽልማት በእርሱ ስም ይጠራል፤ ልጁ አሾክ ኩማርም በ1975 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ህንድ ዋንጫውን ያነሣችበትን ግብ አግብቷል። ነጋዴው ራሱን ነቀነቀና፣ «ከሞቱ በኋላ የሚሰጥ ስም ሲሚንቶ አይገዛም። ‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ› ነው፤ ጨዋታ ጨዋታ ነው» አለ።

ቀጥሎ ያመጣው ደግሞ፣ ይህ የፈረንጅና የህንድ ጨዋታ ነው፣ ለአፍሪካዊ ልጅ ምኑ ነው የሚል ነበር። ይህ ክስ ገና ዱላ ይዘው የሚሮጡ ልጆችን አይቶ ከመጣ ሰው መሰማቱ አስገርሞኛል። መምህሩ ኬንያን ጠቀሱለት። ጎረቤታችን ኬንያ በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ በሆኪ ስድስተኛ ወጥታለች፤ ከተጫዋቾቿ አንዱ አቭታር ሲንግ ሶሃል ከ1960 እስከ 1972 በአራት ኦሊምፒኮች ተሰልፏል። ከዚያ ዚምባብዌን አነሡ። ሴቶች በኦሊምፒክ ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ በተጫወቱበት በ1980 የሞስኮ ውድድር ወርቁን የወሰደችው ነፃነቷን ካገኘች ሦስት ወር ከምናምን የሆናት ዚምባብዌ ናት። በዚያው ውድድር የእኛው ምሩጽ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ አምጥቷል፤ መምህሩ ያን ሩጫ በሬዲዮ ሲከታተሉ እንደ ነበር እየነገሩን ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ባንክ የሚሠራው ወዳጃችን በዚህ ጊዜ ስልኩን ሲያይ ቆይቶ፣ የዚምባብዌ ተጫዋቾች ሁሉም ነጮች እንደ ነበሩ ተናገረ። ነጋዴው ይህችን ነጥብ እንደ ደመወዝ ጨብጦ ያዛት። እኔም ይህችን አንዲቱን እሰጠዋለሁ፤ ያ ወርቅ ያመጣው ደስታ በዚያች አገር ለሁሉም እኩል የተዳረሰ አልነበረም፤ የሆኪ ሜዳዎቹ የነማን እንደ ነበሩ ለመገመት አያስቸግርም። ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ሜዳው ለሁሉም ይከፈት የሚል እንጂ፣ ጨዋታው አይረባም የሚል አይደለም። ነጋዴው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩን ራሱም አላስተዋለውም።

ባንከኛው ከስልኩ ሌላም ነገር አወጣ። አርጀንቲናዊቷ ሉሲያና አይማር የዓለም ምርጥ የሆኪ ተጫዋች ተብላ ስምንት ጊዜ ተሸልማለች፤ ከ2000 እስከ 2012 በአራት ኦሊምፒኮች ተጫውታ አራት ሜዳሊያ አግኝታለች፤ ሁለት ብርና ሁለት ነሐስ፤ ወርቅ ግን የለም። ነጋዴው ጉልበቱን መታ። «ይኸው! ስምንት ጊዜ አንደኛ ተብላ ወርቅ እንኳ አላገኘችም። የሰው ዕድሜ ለዚህ ያልቃል?» አለ። እኔ እስከዚያ ድረስ ብዙም አልተናገርሁም ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ዝም ማለት አልቻልሁም። ይህች ሴት በ2010 የዓለም ዋንጫን ያነሣችው በተወለደችበት ከተማ በሮሳሪዮ፣ በልጅነቷ ስትሮጥ ባዩዋት ሰዎች ፊት ነው። አንድ ሰው በሕይወቱ ከዚህ የሚበልጥ ምን ቀን ይጠብቃል? አንተ ሱቅህን ከከፈትህ ጀምሮ በደረጃ አንደኛ የወጣህበት ዓመት አለን? ከሌለስ ዕድሜህ በከንቱ ሄደ እንበልን? አልሁት። መልስ አልሰጠኝም፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፣ አትቆጣ እንጂ ወንድሜ» አለኝ። ያ ምሳሌ ለሁሉ ነገር መሸሸጊያ ሆኖለት ነበር።

ከዚያ ወደ ዋናው ጥያቄው መጣ። «ስንት ይከፈላታል?» አለ። እውነት ለመናገር መምህሩ ወደዚህ መግባት አልፈለጉም ነበር፤ የሰው ሥራ በዚህ ብቻ ሲለካ ያማቸዋል። ነገር ግን ጥያቄው እንዳይቀርበት ብለው የሚያውቁትን ነገሩት። አብዛኞቹ የሆኪ ተጫዋቾች እንደ እግር ኳሶቹ ሚሊየነር አይደሉም፤ ብዙዎቹ እየተማሩ ወይም ሌላ ሥራ እየሠሩ ነው ለአገራቸው የሚጫወቱት። የሚከፈላቸውም አሉ፤ በ2024 በህንድ ሊግ ጨረታ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሃርማንፕሪት ሲንግ በ7.8 ሚሊዮን ሩፒ ተወስዷል። ነጋዴው ስልኩን አውጥቶ ሩፒውን ወደ ብር መንዝሮ ለረጅም ጊዜ ቁጥሩን ሲያየው ቆየ። ከዚያ «እርሱ አንድ ሰው ነው» አለ። ገንዘቡ ትንሽ ሲሆን ጨዋታው አይረባም፣ ገንዘቡ ብዙ ሲሆን ሰውየው አንድ ነው። እንዲህ ላለው ክርክር ምን ዓይነት መልስ ሊበቃው እንደሚችል አላውቅም።

መምህሩ በመጨረሻ የተናገሩት ስለ ራኒ ራምፓል ነው፤ እኔንም ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ይህ ነው። ራኒ በሰሜን ህንድ ሻሃባድ በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደች የጋሪ ሠራተኛ ልጅ ናት። የገዛ ዱላ መግዣ ስላልነበራት በተሰበረ ዱላ ልምምድ ጀመረች። በ2010 በዓለም ዋንጫ ስትሰለፍ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አምበል ሆና በቶኪዮ ኦሊምፒክ ቡድኗን አራተኛ ደረጃ ላይ አደረሰች፤ የህንድ ሴቶች ከ1980ው የሞስኮ ውድድር ወዲህ በኦሊምፒክ ሆኪ እንዲህ ያለ ውጤት አግኝተው አያውቁም ነበር። በ2024 ዱላዋን ስትሰቅል ለአገሯ ከ250 ጊዜ በላይ ተሰልፋ ነበር። «በዚህች ከተማ ስንት ጋሪ ነጂ አለ?» አሉ መምህሩ። «ስንት ልጆች አሏቸው? ከእነርሱ ውስጥ ራኒን የምትመስል እንደሌለች ማን ነግሮሃል? ተረቱ እኮ ይህንን ነው የሚለው። ‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ› ማለት፣ የጋሪ ነጂ ልጅ ከጌታ ልጅ ጋር እኩል ዱላ ታነሣለች ማለት ነው።» ነጋዴው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሐይቁ ዞረ። በውኃው ላይ አንድ ሰው በደንገል ታንኳ እየቀዘፈ ወደ ዳር ይመጣ ነበር፤ ሁላችንም ዝም ብለን እርሱን አየን።

ልጅቱ የመጣችው በዚህ መካከል ነው። እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሶ፣ በአንድ ቅልጥሟ ላይ የገና ዱላ ያገኘው ቀይ ምልክት ይታይ ነበር። ቡና አፍላያችን፣ «እኔን! ማን መታብኝ ልጄን?» ብለው ተነሡ። እርሷም በምትችለው አማርኛ ምንም እንዳልሆነ ነገረቻቸውና የግራ እጇን ዘርግታ የቀለበት ጣቷን አሳየቻቸው፤ ከመካከለኛው መገጣጠሚያ ላይ ጎብጦ ቀርቷል፤ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። የሆኪ ኳስ ከ156 እስከ 163 ግራም የሚመዝን ጠንካራ ነገር ነው፤ ከዓመት በፊት ከቅርብ የተመታ ኳስ አግኝቷት ነው። እናት ጣቷን በሁለት እጃቸው ይዘው አሻሹላት። አጎቷ ይህን አይቶ፣ «አየሽ? ለዚህ ነው ትምህርትሽን የተውሽው?» አላት። እርሷ ግራ ገብቷት አየችው። «አጎቴ፣ ማን ተወ? ፊዚዮቴራፒ እማራለሁ። ጠዋት ልምምድ፣ ቀን ትምህርት፣ ማታ ልምምድ» አለችው። ለሁለት ሰዓት የተከራከርነው ልጅቷ ትምህርቷን ትታለች በሚል መነሻ ነበር፤ ማንም ግን እርሷን አልጠየቃትም።

አሁን ፍርዴን ልናገር። ነጋዴው ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእህቱ ልጅ የሚያስብ፣ በላቡ ያደረ ሰው ነው። ነገር ግን ተሳስቷል፤ ስሕተቱም የእርሱ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። ለአገር ቡድን የሚሰለፍ የሆኪ ተጫዋች ሥራ፣ ሥራ ነው። ሰውነትን ማሠልጠን፣ በየቀኑ አንድን እንቅስቃሴ ሺህ ጊዜ መድገም፣ ከአሥር ሰዎች ጋር እንደ አንድ ሰው ማሰብ፣ በሽንፈት ማግስት በማለዳ ተነሥቶ ወደ ሜዳ መመለስ፣ ከዚያም ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ ወይም ትንሽ እንዳለፈ ሁሉን ትቶ ሌላ ኑሮ መጀመር፤ ይህ የእጅ ሙያ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ድካም ነው። እኛ ግን ሰው ስለ ልጁ ሲጠይቀን፣ ምን ትወዳለች፣ በምን ጎበዝ ናት አይለንም፤ ምን ታጠናለች፣ ስንት ታገኛለች ይለናል። ልጆቻችንን ሁሉ በሁለትና በሦስት በር ብቻ ልናሳልፋቸው እንፈልጋለን፤ ከበሩ ውጪ የቀረውን ሰነፍ እንለዋለን።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ጨዋታን ከንቱ ነው የሚለው ይኸው ሰው ቅዳሜና እሑድ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ የእንግሊዝ ክለብ ሲሸነፍ ጠረጴዛ ይደበድባል። በየሰፈሩ የተከፈተው ቤቲንግ ቤት የሚሞላው በማን ነው? አንድ ወጣት በማያውቀው አገር የሚጫወቱ የሃያ ሁለት ሰዎችን ስም ከነጀርባ ቁጥራቸው ይጠራልሃል፤ ሩር ከምን እንጨት እንደምትጠረብ ብትጠይቀው ግን አያውቅም። ስለዚህ የምንንቀው ጨዋታን አይደለም፤ የራሳችንን ጨዋታ ነው። ገናን በዓመት አንዴ፣ ለቴሌቪዥን ያህል፣ ነጭ የለበሱ ልጆች የሚታዩበት ትርኢት አድርገነዋል። ከሆኪ ጋር ይህን ያህል የሚቀራረብ ነገር በየገጠሩ ያለው ሕዝብ፣ አንድም ቀን ይህን የልጆች ችሎታ ወደ ሌላ ነገር ማሳደግ ይቻላልን ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም።

የሜዳም ነገር አለ። መምህሩ እንደ ነገሩን ሆኪ በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ ከተፈጥሮ ሣር ወደ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ተሻገረ። ምንጣፉ ውድ ነው፤ ውኃ ይፈልጋል፤ ከ1928 ጀምሮ ስድስት ተከታታይ ወርቅ የወሰደችው ህንድ ልጆቿ በሣርና በአቧራ ላይ ያደጉ ስለ ነበሩ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ወደ ኋላ ቀረች። እዚህ ላይ ነጋዴው «ይኸው፣ እኛማ ምንጣፉ ከየት ይመጣል?» ብሎ ነበር። እኔ ግን ምንጣፍ አልጠየቅሁም። እኔ ልጅ ሳለሁ ገና የተጫወትሁበት ሜዳ የአንድ ትምህርት ቤት ጓሮ ነበር፤ ዛሬ በግንብ ተከልሎ የኪራይ ሱቆች ቆመውበታል። እኔና ጓደኞቼ እዚያ የተሰባበርነው ቅልጥም፣ የተሰዳደብነው ግጥም፣ ማታ እየተደጋገፍን ወደ ቤት የገባንበት መንገድ ሁሉ ተረስቷል። በሐይቁ ዳርም ቢሆን ልጆች ያለ ክፍያ የሚሮጡበት ቦታ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ነው። ሜዳውን ሸጠን ስናበቃ ልጆቻችን ስልክ ላይ ተደፉ ብለን እናማርራለን።

ልጅቱ ከጥምቀት በኋላ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ አጎቷም እስከ አውሮፕላን ጣቢያ ሸኝቷታል፤ ቦርሳዋንም የተሸከመላት እርሱ ነው። ምን እንደ ተባባሉ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ባለፈው ሳምንት ከዓባይ ማዶ ባለው በዚያ ሜዳ በኩል ሳልፍ ከዳር እስከ ዳር ካስማ ተተክሎ ሲባጎ ተወጥሮበት አየሁ። ያ የአሥር ዓመት ልጅ ከመንገዱ በላይ ጥጆች እየጠበቀ ነበር፤ ወይራ ገናውን እንደ እረኛ በትር ትከሻው ላይ አጋድሞታል። ለሚመጣው ገና የት ትጫወታላችሁ ብዬ ጠየቅሁት። በዱላው ጫፍ ከመንገዱ ባሻገር ያለውን ዳገት አሳየኝ። ሩሯ ቁልቁል እየተንከባለለች አታስቸግራችሁም ወይ ብለው፣ ጥቂት አሰበና፣ «ከታች በኩል ትልልቆቹን እናቆማለን» አለኝ።